ሳይጋቡ የቀሩ ወዳጆች፦ የሜልበርን የጉዞ ማስታወሻ

ሐሙስ፣ ፉትስክሬይ

ጠዋት ገባሁ። ጥቅምት እዚህ የጸደይ ወር ነው ቢሉኝም ጃኬቴን አላወለቅኩም። የአክስቴ ልጅ ከአውሮፕላን ማረፊያ ተቀብላኝ በቀጥታ ወደ ፉትስክሬይ ወሰደችኝ። ከመሀል ከተማው በስተምዕራብ ያለ ሐበሻ የሚበዛበት ሰፈር ነው። ሽሮው፣ በርበሬው፣ ጀበናው በየሱቁ አለ። ፍርፍር በልተን ቡና ተፈላ።

«እሺ፣ ምን ልታይ ነው የመጣኸው?» አለችኝ ቶናው ላይ።

«ባሕር ዛፍ።»

«አብደሃል! እንጦጦ ሞልቶ የለም እንዴ?»

ሞልቷል። ግን የባሕር ዛፍ አገሩ እዚህ ነው። እኛ ጋ የገባው በአፄ ምኒልክ ዘመን፣ በ1890ዎቹ አጋማሽ ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ዘሩን ያስመጣው ሞንዶን ቪዳዬ የሚባል ፈረንሳዊ አማካሪ ነው ይባላል። አዲስ አበባ ማገዶ እያለቀባት፣ ከተማዋን ወደ አዲስ ዓለም የማዛወር ሐሳብ እስከመነሳት ደርሶ ነበር። ያተረፋት ይህ ዛፍ ነው።

ከዚያ አርባ ዓመት ገደማ ቀደም ብሎ ግን፣ ባሕር ዛፍን ለዓለም ካላዳረስኩ ብሎ የተነሳ አንድ ሰው ሜልበርን ውስጥ ነበር። ፈርዲናንድ ፎን ሙለር ይባላል። በ1825 ሮስቶክ፣ ጀርመን ተወለደ። አባቱን ገና በልጅነቱ፣ እናቱን በአሥራ አምስት ዓመቱ አጣ። ፋርማሲ ውስጥ ሥራ ተማረ። ኪል ዩኒቨርሲቲ በዕፅዋት ጥናት ዶክትሬቱን ሰጠው። በ1847 ከሁለት እህቶቹ ጋር በመርከብ ወደ አውስትራሊያ መጣ። ቤታቸውን የሳንባ ነቀርሳ አስጨንቆት ስለነበር ሞቅ ያለ አገር ፍለጋ ነው። በ1853 የቪክቶሪያ ቅኝ ግዛት የመንግሥት የዕፅዋት ሊቅ ሆነ። እስኪሞት ድረስ ያንን ሥራ አልለቀቀም። ከሁለት ሺህ በላይ ለሆኑ ዕፅዋት ሳይንሳዊ ስም አውጥቷል። የባሕር ዛፍ ዘርም በፖስታ ለጠየቀውም ላልጠየቀውም ይልክ ነበር። ፕሮስፐር ራሜል የሚባል ፈረንሳዊ በእሱ እርዳታ ዘሩን ወደ ፓሪስ አሻገረ። ከዚያ ወደ አልጄሪያ ሄደ።

ይሄን ሁሉ ስተርክላት የአክስቴ ልጅ ስልኳን እየነካካች ነው። ነገሩን ቀየርኩ።

«በ1863 ለማግባት ቃል ገብቶ ነበር። ዩፊሚያ ሄንደርሰን የምትባል ሴት ናት። የዱር አበባ ትሥል ነበር።»

ስልኩ ጠረጴዛው ላይ ተቀመጠ። «እሺ፣ ከዚያስ?»

«ፈረሰ። ግን ወዳጅ ሆነው ቀሩ። ይጻጻፉ ነበር።»

«ትቷት? ደብዳቤ?» ቡናዋን አስቀመጠች። «እኔ ብሆን ያኔውኑ ብሎክ ነበር የማደርገው።»

በእኛ አገር ደንብ ካየነው የአክስቴ ልጅ አትፈረድባትም። ሽማግሌ ሄዶ፣ ቃል ታስሮ፣ ከዚያ ቀረ ከተባለ ሁለቱ ቀርቶ ቤተሰቡም መንገድ ላይ ሲተያይ ፊቱን ያዞራል። ለቅሶ ላይ እንኳ ማዶና ማዶ ነው የሚቀመጡት። በዚያን ጊዜ በእንግሊዝ ሕግ ደግሞ የማግባት ቃል ማፍረስ ፍርድ ቤት ያስቀርብ ነበር። ሴቲቱ ከሳ ካሳ ልትቀበል ትችላለች። እና እነዚህ ሁለቱ እንዴት ተዋደው ቀሩ? የመጣሁት ባሕር ዛፍ ላይ ብቻ ዓይኔን ልጥል እንዳልሆነ ያን ጊዜ ገባት።

ዓርብ፣ የዕፅዋት መናፈሻው

በባቡር ፍሊንደርስ ጣቢያ፣ ከዚያ በትራም። የሜልበርን ንጉሣዊ የዕፅዋት መናፈሻ ከያራ ወንዝ በስተደቡብ 38 ሄክታር ላይ ተንጣሏል። የተመሠረተው በ1846 ነው። ሙለር ከ1857 እስከ 1873 ዳይሬክተሩ ነበር።

ስገባ ያየሁት ሣር፣ ሐይቅ፣ ጠመዝማዛ መንገድ፣ እየተጣመመ የሚወርድ ቁልቁለት ነው። ሙሽሮች ፎቶ ይነሳሉ። ውበቱን መካድ አይቻልም። ችግሩ፣ ይሄ ሁሉ የሙለር አይደለም። እሱን የተካው የዊሊያም ጊልፎይል ነው። ሙለር ያኔ የሚያስበው መናፈሻ የትምህርት ቦታ ነበር፤ ዛፉ በዘርና በወገኑ የሚሰለፍበት። ጥዶችን በሺዎች ተከለ። ችግኝና ዘር ለትምህርት ቤት፣ ለቤተ ክርስቲያን፣ ለመቃብር ስፍራ፣ ለባቡር ጣቢያ በነፃ አደለ። የከተማው ሰው የፈለገው ግን እሑድ ከሰዓት የሚንሸራሸርበት ቦታ፣ ፏፏቴና ሐውልት ነው። ጋዜጣው አማረረ፤ መንግሥት ሰማ። በ1873 መናፈሻውን ነጠቁት። የመንግሥት የዕፅዋት ሊቅነቱን ግን ተዉለት።

ከዚያ ወዲያ እግሩ እዚህ ግቢ አልረገጠም ይባላል። ሃያ ሦስት ዓመት እዚሁ ጎረቤት ኖሮ!

ይሄ ነገር ቀኑን ሙሉ ሲመላለስብኝ ዋለ። ያላገባትን ሴት በሰላም የያዘ ሰው መናፈሻን እንዴት ሳይምር ቀረ? ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ ሳንድዊች እየበላሁ ነው የማስበው። ሳንድዊቹን ዳክዬዎች ተካፈሉኝ።

በመናፈሻው ውስጥ በ1850 ቪክቶሪያ ከኒው ሳውዝ ዌልስ ተነጥላ ራሷን የቻለች ቅኝ ግዛት እንደምትሆን ሲሰማ ሕዝቡ ተሰብስቦ የጨፈረበት አንድ ትልቅ ቀይ ባሕር ዛፍ ነበር። በ2010 አንድ ሰው ሌሊት ገብቶ ግንዱን ዙሪያውን ላጠው። በ2013 ደገሙት። በ2015 ተነሳ። ለአራት መቶ ዓመት ገደማ የቆመ ዛፍ ነው። ዛፍ ላይ ቂም የሚይዝ ሰው እንዳለ እዚህ ነው የተማርኩት።

ከመናፈሻው ጫፍ ላይ ሙለር በ1853 ያቋቋመው የደረቁ ዕፅዋት ክምችት አለ። ዛሬ ወደ 1.5 ሚሊዮን የሚጠጋ ናሙና ይዟል። እንደ ሙዚየም ገብተው የሚጎበኙት አይደለም፤ የምርምር ቦታ ነው። እያንዳንዱ ተክል በጋዜጣ መሀል ተጭኖ ደርቆ፣ ወረቀት ላይ ተለጥፎ፣ ከጥግ በኩል ማን፣ የት፣ መቼ እንደቀጠፈው ይጻፍበታል። በ1770 ከካፒቴን ኩክ ጋር የመጡት የዕፅዋት ሊቆች ባንክስና ሶላንደር የለቀሟቸው እንኳ እዚህ አሉ። የሙለር ብልሃት ግን ሌላ ነው። ጋዜጣ ላይ እያወጀ፣ ደብዳቤ እየጻፈ፣ ገበሬውን፣ እረኛውን፣ የፖስታ ቤት ሠራተኛውን፣ የቄስ ሚስቱን፣ ልጆችን፣ የአገሬውን ጥንታዊ ነዋሪዎች ሁሉ ለቃሚ አደረጋቸው። ከሁለት መቶ በላይ ሴቶች ነበሩበት። አበባ ሠዓሊዋ ኤሊስ ሮዋን የሣለችውን ተክል ስም የምትጠይቀው እሱን ነው። የእህቱ ልጅ ማሪ ዌልም ሥዕልና ናሙና ታቀብለው ነበር።

ዩፊሚያም ከእነዚህ አንዷ ናት። እንግዲህ በሁለቱ መሀል የነበረው ነገር የተሠራው ከአበባ፣ ከወረቀትና ከፖስታ ነው። እጮኝነቱ ሲቀር ይሄ ግንኙነት አብሮ የሚቀርበት ምክንያት አልነበረም። አበባው መስኩ ላይ አለ፤ ፖስታ ቤቱም ክፍት ነው።

ቅዳሜ፣ ሼርብሩክ ጫካ

የአክስቴ ልጅ ዕረፍቷ ስለሆነ «ይሄን ባሕር ዛፍህን አሳየኝ» ብላ አብራኝ ወጣች። በባቡር ከፍሊንደርስ እስከ ቤልግሬቭ ከአንድ ሰዓት በላይ ነው። ከዚያ በእግር ወደ ዳንደኖንግ ተራሮች።

እኔ ባሕር ዛፍ አውቃለሁ ብዬ ነበር። እኔ የማውቀው አጣና ነው፤ ጎረምሳ ሆኖ ለቤት ሥራ የሚቆረጥ። እዚህ ያለው ሌላ ፍጥረት ነው። ማውንቴን አሽ ይሉታል። ሳይንሳዊ ስሙን ዩካሊፕተስ ሬግናንስ ብሎ ያወጣለት ራሱ ሙለር ነው፤ «የሚነግሠው» ለማለት። በዓለም ላይ አበባ ከሚያወጡ ዕፅዋት ከረጃጅሞቹ አንዱ ነው። ታዝማኒያ ውስጥ አንዱ መቶ ሜትር ደርሷል። ቅርፊቱ ከላይ እየተላጠ እንደ ነጠላ ጥለት ተንጠልጥሏል። ከታቹ ሲዳሰስ ሸካራ፣ ከወገቡ በላይ ልስልስና ግራጫ ነው። ሥሩ አጠገብ ዣንጥላ የሚያህል ፈርን የሚባል ተክል በቅሏል። አንገቴ እስኪያመኝ ቀና ብዬ አየሁ።

የአክስቴ ልጅ ቅጠል አንስታ በጣቷ ፈጨችና አሸተተችው። ዝም አለች። ከዚያ «የእማዬ ጉንፋን» አለች። እናቷ አክስቴ ጉንፋን ሲይዘን ባሕር ዛፍ ቅጠል አፍልታ ብርድ ልብስ ውስጥ ታስገባን ነበር። ፊታችን ቀልቶ፣ ላብ አጥምቆን ነበር የምንወጣው።

የዚያ ዘይት ታሪክም ወደ ሙለር ይመለሳል። ጆሴፍ ቦሲስቶ የሚባል የፋርማሲ ባለሙያ በ1850ዎቹ እዚሁ ዳንደኖንግ አካባቢ የባሕር ዛፍ ዘይት ማንጠር ጀመረ። ያደፋፈረው ሙለር ነው። ስሙን የያዘው ጠርሙስ ዛሬም ፋርማሲ ይሸጣል። አንድ ገዛሁ።

የሙለር ነገር ሁሉ ግን በጎ አይደለም። መንገዱ ዳር እሾሃም ቁጥቋጦ በዝቶ አየን። ብላክቤሪ ነው፤ ከአውሮፓ የመጣ። ሙለር በየሄደበት ዘሩን ይበትን ነበር፤ መንገደኛ ይብላው ብሎ። አሁን በሕግ የሚታደን አረም ሆኗል። በእኛም አገር ባሕር ዛፍ ውሃ ይመጥጣል፣ ሌላ አያበቅልም የሚል ሙግት አለ። ሰውየው ስጦታ ያበዛል። ምን ያህሉ እንደሚፈለግ ቆም ብሎ አይጠይቅም። እንደዚህ ዓይነት ሰው ባል ቢሆን ምን ይመስላል ብዬ የአክስቴን ልጅ ጠየቅኳት።

«ደሞዙን ዘር ይገዛበታላ» አለች።

አልተሳሳተችም። ሙለር ደሞዙን ለመጽሐፍና ለዕፅዋት ስብስብ ይጨርስ ነበር። አኗኗሩ የመነኩሴ ነው። በጋ ክረምት አንገቱ ላይ ስካርፍ ጠምጥሞ ይሄዳል፤ ብርድ ይፈራል። ዩፊሚያን ባጣ በሁለት ዓመቱ፣ በ1865፣ ሬቤካ ኖርት ከምትባል ሌላ ሴት ጋር ተጫጨ። ያም ቀረ። ከዚያ በኋላ ሳያገባ ሞተ።

ስንመለስ ዝናብ፣ ፀሐይ፣ ንፋስ፣ ደግሞ ዝናብ ተፈራረቀብን። የሜልበርን ሰዎች በአንድ ቀን አራት ወቅት የሚሉት ይሄን ነው።

እሑድ፣ ሴንት ኪልዳ

ቅዳሴ አስቀድመን፣ ምሳ በልተን፣ ከሰዓት ብቻዬን ወደ ሴንት ኪልዳ መቃብር ስፍራ ሄድኩ። ሙለር የሞተው ጥቅምት 10 ቀን 1896 ነው። አድዋ ላይ ድል ካደረግን ሰባት ወሩ። ያኔ ባሕር ዛፉ አዲስ አበባ ውስጥ ገና ችግኝ ነበር።

የግራናይት ሐውልቱ ረጅም ስለሆነ ለማግኘት አያስቸግርም። የአውስትራሊያ ሁለተኛው ጠቅላይ ሚኒስትር አልፍሬድ ዲኪንም እዚሁ ግቢ ነው ያረፈው። ሙለር በሕይወቱ ሽልማትና ማዕረግ ይወድ ነበር። የጀርመኗ ቩርተምበርግ ንጉሥ በ1871 ባሮን አደረገው። ከንግሥት ቪክቶሪያ በ1879 የሰርነት ማዕረግ አገኘ። ደረቱ በሜዳሊያ የተሞላበት ፎቶ አለ። ለዚህ ብዙ ሳቁበት። እኔ ግን ሰው ቤቱ የሚጠብቀው ከሌለ ሜዳሊያ ቢያበዛ አይደንቀኝም።

ሌላ የምጽፈው የለም። ንፋሱ አባረረኝ።

ሰኞ፣ የቪክቶሪያ ቤተ መጻሕፍት

ቀኑን ሙሉ እዚህ ነኝ። ባለ ስምንት ማዕዘኑ የንባብ አዳራሽ በ1913 የተከፈተ ነው። ጣሪያው ጉልላት ነው፤ ብርሃኑ ከላይ ይወርዳል። ጠረጴዛዎቹ ከመሀል እንደ ጨረር ይዘረጋሉ። ተማሪው ላፕቶፑን ከፍቶ ይተኛል። እኔ ፊት ለፊቴ የሙለር ደብዳቤዎች የታተሙባቸው ሦስት ወፋፍራም ጥራዞች አሉ።

በዓመት ሦስት ሺህ ደብዳቤ ይጽፍ ነበር ይባላል። እሱ ጋ የነበረው ወረቀት አብዛኛው ከሞቱ በኋላ ጠፍቷል። ስለዚህ ዛሬ የምናነበው በብዛት ተቀባዮቹ ያስቀመጡትን ነው። ለንደን ውስጥ ኪው የዕፅዋት መናፈሻ ያሉ እንግሊዞች፣ በርሊን ያሉ ፕሮፌሰሮች፣ ገጠር ያሉ ለቃሚዎች። ለዩፊሚያ የጻፈላትም ከተረፉት መሀል አለ። እዚህ ላይ ትንሽ ቆምኩ። የቀረባት ሰው የላከላትን ወረቀት እሳት ውስጥ መክተት ትችል ነበር። ማንም አይወቅሳትም። የዚህን ወዳጅነት ታሪክ ዛሬ ማውራት የምንችለው እሷ ስላስቀመጠች ነው። ሁሉም የእሱን ትልቅነት ያወራል። እኔ ለዚህ ወዳጅነት ምስጋናውን የምሰጠው ለእሷ ነው። ቃሉን ካፈረሰ ሰው ጋር አበባ እየተላላኩ መኖር የሚጠይቀው ትዕግሥት ከማን እንደመጣ ግልጽ ነው።

ከዚያ አንድ ነገር ታየኝ። 1863 ለሙለር የሌላ ነገርም ዓመት ነው። የአውስትራሊያን ዕፅዋት ሁሉ የያዘ ትልቅ መጽሐፍ ልጻፍ ብሎ ከወጣትነቱ ጀምሮ ይመኝ ነበር። ያገኘውን ሁሉ ለዚያ ነው ሲሰበስብ የኖረው። ኪው ያሉት ሰዎች ግን የጥንቶቹ ናሙናዎች ያሉት አውሮፓ ነው፣ እዚህ መጥተህ ሥራ አሉት። እሱ ሜልበርንን አልለቅም አለ። ሥራው ለእንግሊዛዊው የዕፅዋት ሊቅ ለጆርጅ ቤንታም ተሰጠ። ቤንታም አውስትራሊያን በዓይኑ አይቶ አያውቅም። የመጀመሪያው ጥራዝ የወጣው በዚያው በ1863 ነው። የሙለር ስም ሽፋኑ ገጽ ላይ «በእገዛ» ከሚል ቃል ጋር ነው ያለው።

ሌላ ሰው ቢሆን ናሙናውን ቆልፎ ይቀመጥ ነበር። ሙለር ግን በሣጥን በሣጥን እያሸገ በመርከብ ወደ ለንደን ላከ። ቤንታም አይቶ ይመልሳል፤ ሙለር ቀጣዩን ይልካል። መርከብ ቢሰጥም የዕድሜ ልኩ ልፋት አብሮ ይሰጥማል። እንዲህ እያለ ሰባት ጥራዝ፣ እስከ 1878፣ አሥራ አምስት ዓመት። ያጉረመርማል፣ ይከራከራል፣ በራሱ መጽሔት ቀድሞ አዲስ ስም ያወጣል። መላኩን ግን አላቆመም።

በአንድ ዓመት ውስጥ ሚስት ሊሆኑለት የነበሩትን ሁለቱንም አጣ ብል ማጋነን አይሆንም፤ ሴቲቱንም መጽሐፉንም። ሁለቱንም በፖስታ ያዛቸው። ሰውየው በሩቅ መውደድ ይችልበት ነበር። ከቅርብ ግን ከሰው ጋር ይጣላ ነበር፤ ተጠራጣሪና ቶሎ የሚከፋው ሰው ነው። ደብዳቤ ሲሆን ትሑት ነው፤ ያመሰግናል፣ ዘር ይልካል፣ የተክሏን ስም ይነግራል፣ ስለ ጤና ይጠይቃል። መናፈሻውን ግን በደብዳቤ መያዝ አይቻልም። ወይ ትገባለህ ወይ አትገባም። ስለዚህ አልገባም። የዓርቡ ጥያቄዬ ለእኔ የተመለሰው እዚህ ጋ ነው፤ ሌላው ሌላ ሊል ይችላል።

ማታ ይሄን ለአክስቴ ልጅ ነገርኳት። ወጥ እያማሰለች ሰማችኝ።

«እሷስ? አገባች?»

«ሁልጊዜም ራሷን ችላ ሥዕሏን ስትሥል ነው የማገኛት።»

«እና ለምን ትጽፍለታለች?»

«የምታውቃትን አበባ ስለሚያውቅ ይሆናላ። በዚያ ዘመን ስለ አንዲት የዱር አበባ ከልቡ የሚያወራት ሰው ከየት ታመጣለች?»

ትንሽ አሰበችና «እሱስ ልክ ነው» አለች። «የኔው ጉድ ስለ ኳስ ብቻ ነበር የሚያወራው። ብሎኩ አይነሳለትም።»

በረራዬ ነገ ሌሊት ነው። ቤተ መጻሕፍቱ ጠዋት ስለሚከፈት ሁለተኛውን ጥራዝ ልጨርስ ተመልሼ እሄዳለሁ። የአክስቴ ልጅም ከሥራ በፊት አብሬህ ልምጣ ብላለች፤ የዩፊሚያን ደብዳቤ በዓይኗ ካላየች አታምንም።